ሳሙና የማይገባበት ፍል ውሃ

ትሕትናዬ፣ ሰላም ነሽ ወይ?

ይህን ፖስት ካርድ የምጽፍልሽ ከሻሸመኔ ወዲያ ጫካ ውስጥ ካለ ፍል ውሃ ወጥቼ፣ ፀጉሬ እንኳ ሳይደርቅ ነው። ሳሙናዬን ላወጣ ስል እማማ ገዲሴ የሚባሉ የአገሬው ሴት፣ “ተይ አንቺ! መድኃኒት ውስጥ ሳሙና ይጨመራል እንዴ?” ብለው ቀሙኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ፤ እኔም አፍሬ እስከ አንገቴ ገባሁ። እኛ ጀሞ ውሃ መጣ ሲባል ጀሪካን ይዘን እንሯሯጣለን፣ እዚህ ትኩሱ ዝም ብሎ ይፈልቃል!

የጸሎት ቡድናችን ሲንበረከክ እኔ ብቻ ወንበር ላይ እንደምቀር ታውቂያለሽ። ዛሬ ጉልበቴ ታጠፈልኝ! እዚያው ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ጌታን አመሰገንኩ። መነሣቱ ግን እምቢ አለኝና እማማ ገዲሴ ብብቴን ይዘው አነሡኝ።

ካርዱ ሞላብኝ። ብሩኬንና ልጆቻችሁን ሳሚልኝ። ወንበሬን ግን ለማንም እንዳትሰጪብኝ!

ማሚቴ