ለአባዬ፦ ስለ ተሰበረው የእማዬ መያዣ

ለምወድህ አባቴ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ፤ ጥቅምትም ብርዱን ይዞ ገብቷል። እኛ ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል። እማዬ ደህና አይደለችም። የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

ስኳሩ ዓይኗን ሲወስድባት ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ቧንቧው ድረስ ግድግዳው ላይ የሰካህላትን የአልሙኒየም መያዣዎች መቼም አትረሳቸውም። ሶማሌ ተራ ካለው ሱቅህ አሮጌ የመኪና ፒስተን በፌስታል ተሸክመህ ስትመጣ፣ እማዬ "ሰው ለቤቱ ሥጋ ይዞ ይገባል፣ የኔው ብረት" እያለች ትስቅብህ ነበር። የሰፈሩ ሰው እሁድን ተኝቶ ወይ ኳስ እያየ ሲያሳልፈው አንተ ጓሮ ቆርቆሮው ሥር ከሰል አቀጣጥለህ ፒስተኑን ታቀልጣለህ። ማንም ሳያዝህ፣ ማንም ሳይከፍልህ። እያንዳንዱን መያዣ ለየት አድርገህ ሠራኸው፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ፣ ደረጃው ጋ ያለው ደግሞ ለጣቶቿ ማረፊያ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ። እሷም በእጇ ዳብሳ የት እንደደረሰች ታውቅ ነበር። ማንንም ሳትጠራ ወጥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ አጠገብህ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች።

አንተ በሄድክ በመጀመሪያው ክረምት ዝናቡ ግድግዳውን ናደውና ደረጃው ጋ ያለው መያዣ ለሁለት ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ብቻዋን ወጥታ አታውቅም። ከሥራ እስክመለስ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ሌላ ልግዛልሽ ስላት "ተይው" ትለኛለች። ይህን ያየው ታላቅ ወንድሜ ፍቃዱ ለመስቀል መጥቶ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሊወስዳት ቆረጠ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከዚያ ማን ያወርዳታል? ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ ብቻዋን መዋሏ አስፈርቶት ነው። እሷ ግን "ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው" አለች፣ አባዬ። አነጋገሯን ስለማውቀው ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። መያዣውን ብሠራላትና እንደ ድሮው ብቻዋን ስትወጣ ቢያያት ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ ተነሣሁ።

እናም ልጅህ ብረት አቅላጭ ሆነችልህ። ጓሮ ብጀምር የእማዬን ሐዘን እቀሰቅስባታለሁ ብዬ ስለፈራሁ፣ ምናለሽ ተራ ድስት የሚሠራው ጓደኛህ ጋሼ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። እነሱ ያለቀለትን ድስት ራሱን አሸዋ ውስጥ ቀብረው ቅርጹን ይወስዱና የቀለጠ ብረት ያፈሱበታል። አዲሱ ከአሮጌው ትንሽ ቢያንስም ድስት ድስት ነው፣ ማን ይለካዋል። እኔም አይቼ እንደዚያው አደረግኩ፤ የተሰበረውን በስቱኮ አጣብቄ ቀበርኩት። የወጣው ሲያዩት ያምራል። ጋሼ ሸምሱ የላከልሽ ነው ብዬ እጇ ላይ ሳስቀምጠው ግን ጣቶቿ ማረፊያቸውን አጡ። ደባብሳ መለሰችልኝና "ይሄ የልጅ ነው" አለችኝ። ብረት ሲበርድ ይሰበሰባል፣ አሸዋ ውስጥ የሚቀበረው ሞዴል ሁልጊዜ ከሚፈለገው ትንሽ መብለጥ አለበት ስትል ያኔ አጠገብህ ሆኜ ስልኬን እነካካ ነበር።

ከዋንዛ ቁራጭ ተለቅ ያለ ሞዴል ቀረጽኩ። ጎኖቹን ቀጥ ስላደረግኳቸው፣ ከአሸዋው ሳወጣው አሸዋው ላይ የታተመውን ቅርጽ ጠርዝ ይዞት ተነሣ። ወደ ታች እያጠበብኩ ሞረድኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ቫርኒሽ ቀብቼ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት፤ አሁን ሳይጎትት ወጣ። በዚህኛው ደግሞ አሸዋውን ውኃ አብዝቼበት ኖሮ ብረቱ ተበሳስቶ ወጣ። ጋሼ ሸምሱ "ፊትሽን ልታጠፊው ነው እንዴ፣ የቀለጠ ብረት እርጥብ ላይ ሲፈስ እኮ ይፈነዳል!" ብሎ ክፉኛ ተቆጣኝ። አንተ አሸዋውን ጨብጠህ ለሁለት ትሰብረው እንደነበር ነገረኝ፤ ቁርጥ ካለ ደህና ነው፣ መዳፍ ላይ ከቀረ ውኃው በዝቷል። እጄ በየሳምንቱ ይሻሻላል፣ እማዬ ግን በየሳምንቱ ትከሳለች። ለማን ነው የማሳምረው ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

መስቀል ሲቃረብ ጋሼ ሸምሱ ለለቅሶ አገር ቤት ሄደና መሥሪያ ቦታው ተዘጋ። ምርጫ አልነበረኝም። አንድ እሁድ እማዬ ተኝታለች ብዬ አሸዋ የምትጠቀጥቅባቸውን ሣጥኖች ከቆርቆሮው ሥር አወጣሁ፣ ሞዴሉን አሸዋ አለበስኩና ከእሷ ወስደህ መጠቅጠቂያ ባደረግኸው ዘነዘና አሸዋውን መምታት ጀመርኩ። ሳላስበው በአንተ አመታት ነበር የምመታው፤ ሁለቴ ለስለስ፣ አንዴ ጠንከር።

"ንጉሤ" ብሎ ስምህን የሚጠራ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል እማዬ ቆማለች። ደረጃውንም፣ መያዣ የሌለውንም ቦታ ብቻዋን አልፋ፣ በባዶ እግሯ መጥታለች። ካንተ ወዲህ ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ፊቷም ቀስ በቀስ ከሰመ። አባዬ፣ ያንን ማየት ከቀብርህ ባሰብኝ። ከዚያ እየዳበሰች መጥታ ትከሻዬን ያዘችና "አሸዋውን ሞዴሉ ጋ አታጥብቂው፣ ትንፋሽ ያጣል" አለችኝ።

መያዣው የዚያን ቀን ተሳክቶ ወጣ፤ መልሰን የለሰንነው ግድግዳ ላይም ተሰካ። ጣቶቿ ልክ ገቡበት። ፍቃዱ ለመስቀል መጥቶ ብቻዋን ስትወጣ ሲያይ ደስ ብሎት፣ ነገሩን እስከ ገና እናቆየው ብሎ ተመለሰ። የወጣችው በመያዣው ምክንያት መስሎታል። እሱ ሲመጣ ጓሮ አሸዋ እየጠቀጠቅኩ እንደነበር ልብ አላለም፤ እኔም አልነገርኩትም። በሥራ ቀን እማዬ መያዣውን አትነካውም። እንደ ድሮው አልጋዋ ላይ ናት።

የምትወጣው እሁድ፣ እኔ ስመታ ብቻ ነው። የማቀልጠው ፒስተን የለም፣ ከሰልም አላቀጣጥልም። ባዶ አሸዋ ጠቅጥቄ አፈርሰዋለሁ፣ መልሼ እጠቀጥቃለሁ። የከሰል ሽታ እንደሌለ እሷም ታውቃለች፣ ግን አንድም ቀን ምን እየሠራሽ ነው ብላ አልጠየቀችኝም። መጥታ በርጩማው ላይ ትቀመጥና ፊቷን ወደ ድምፁ ታዞራለች። እኔ እያታለልኳት ይሁን እሷ እየታለለችልኝ አላውቅም። ገና ሲደርስ ለፍቃዱ ምን እንደምለውም አላውቅም።

እኔ አልረሳህም፣ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ። እሷ ግን ትንሽ ብትረሳህ ብዬ የምጸልይባቸው ቀኖች አሉ፤ አትቀየመኝ። እስከዚያ ድረስ፣ ክንዴ እስከቻለ፣ እሁድ እሁድ በአንተ አመታት እመታላታለሁ።

ልጅህ ትርሲት