ደም መልስ እንጂ ደም መላሽ አላልኩም

ውድ ልጄ ይርሳው፣

ይህን የምጽፍልህ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ከዲሮ “ግለ ሂስዎን ይጻፉበት” ብሎ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ነው። ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። ጥፋቴን ካላመንኩ የመሠረተ ትምህርት ክፍሌን ይዘጉታል፣ እኔንም ያስሩኛል። አንተን ከምትሠራበት ሐኪም ቤት ጠርተው ወስደው ከገደሉህ ወዲህ የቀረኝ ያ ክፍል ነው።

ጥፋቴ ይህ ነው። ስለ ደም ዝውውር ሳስተምር “ደም ቅዳ ደምን ከልብ ያወጣል፤ ደም መልስ ደምን ወደ ልብ ይመልሳል” ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዱ በመስኮት አዳምጦ ኖሮ፣ “እታገኘሁ ደም መላሽ ያስፈልጋል እያለች ታስተምራለች” ብሎ ነገራቸው።

ስብሰባ ፊት አቆሙኝ።

“የልጅዎን ደም ማን እንዲመልስ ነው የሚቀሰቅሱት?” አለ ከዲሮ።

አንዲት ፊደል ስስት መዳፌን በማስመሪያ እየተመታሁ ያደግሁ ሴት ነኝ። “‘መላሽ’ እና ‘መልስ’ ይለያያሉ” አልኩት። “አንተ የምትለው ቂሙን የሚወጣ ሰው ነው። እኔ ያልኩት እግርህ ውስጥ ያለውን የደም ሥር ነው።”

“እንግዲያው ሌላ ስም ያውጡለት።”

“ስሙ ይኸው ነው!”

ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። እናትህን ታውቃታለህ፤ በሰው ፊት ቁርጭምጭሚቷን እንኳ አሳይታ አታውቅም። የጭላሎ ተራራ ብርድ በበሩ ገብቶ ባቴን ነካው። ያበጠውን፣ የተጠማዘዘውን ሥር አሳየኋቸው። ደም ወደ እግር መውረዱ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሽቅብ መመለሱ ነው አልኩ። ሥሩ ውስጥ ወደ ልብ በኩል ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉ። ደሙ ካለፈ በኋላ ይዘጋሉ፤ ወደ ታች አይለቁትም። የእኔዎቹ ስለላሉ ነው እዚህ የተጠራቀመው። ስንራመድ ባታችን ጨምቆ ሽቅብ ይገፋዋል።

“ተነሡ! ተረከዛችሁን አንሡ!”

አዳራሹ በሙሉ በእግር ጣቱ ቆመ።

ጋሪ ነጂው ቱሳ፣ “አዴ፣ እናቴ፣ የእኔ ፈረስም በር አለው?” አለ።

“አለው፤ ካንተ በሮች የሱ ይሻላሉ። አንተ ተቀምጠህ ትውላለህ፣ የሚራመደው እሱ ነው።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዲሮም ተረከዙን አንሥቶ ነበር፤ ሲያዩት ቶሎ አወረደ። ይህን ወረቀት የሰጠኝ ያን ጊዜ ነው።

ይህን ትምህርት እኔ ከማን ተማርኩት? እሁድ እሁድ እግሬን በፋሻ ስታስርልኝ “እማዬ፣ ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠቀለለው፤ ደሙን መንገዱን አሳዪው” ትለኝ ነበር። በትክክል እንደምትሠራ አይ ነበር። ጎበዝ ብዬህ ግን አላውቅም። ዛሬ ብዬሃለሁ።

ደምህን በደም የሚመልስልኝ ሰው አልፈልግም። ብፈልግ ኖሮ በትክክለኛው ቃል እጠራው ነበር። የለመንኳቸው አስከሬንህን ነበር።

ነገ ፋሻዬን ከታች ወደ ላይ ጠቅልዬ፣ የቀበሌውን ዳገት በእግሬ ወጥቼ፣ ይህንኑ ደብዳቤ ለከዲሮ እሰጠዋለሁ። ያንብበው። የፊደል ግድፈት ካገኘ ያርመኝ። ስምህን ይርሳው ያለው አባትህ ነው፤ እኔ አልረሳሁም። እነሱ አንተን አልመለሱልኝም። እኔም ቃሌን አልመልስም።

እናትህ እታገኘሁ
አሰላ፣ ኅዳር 1973 ዓ.ም.