የእንግሊዙ ሞተር የፍሬን ገመድ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ካለህበት ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

የላክኸው የሞተር ሳይክሉ ካርቡራቶር ደርሷል። አባባ ከሳጥኑ አውጥቶ በጣቱ ሲዳብሰው ቆየና፣ «እስቲ ቁጥሩን አንብቢልኝ፤ ትምህርትሽን እንዳልረሳሽ ልይ» አለኝ። አነበብኩለት። ትክክለኛው ነው፤ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ዓይነት።

ባለፈው ሳምንት ግን አባባ አንድ ብሎን አበላሸ። የእንግሊዝ ብሎን ጥርሱ ከሌላው እንደሚለይ ለሰፈሩ መካኒክ ሁሉ ያስተማረው እሱ ነበር። አሁን ግን ሁለቱን ዓይነት ደባልቆ በግድ ሲያጠብቅ ጥርሱ ተበላ። «የዘንድሮ ብረት ወረቀት ነው» ብሎ ተቆጣ። እማማ የጋራዡን አምፖል በትልቅ ቀየረችለት።

ትናንት ሞተሩ ተነሳ። ድምፁን ስንሰማ እማማ እንባዋ መጣ። አባባ ወዲያው እየገፋ ወደ ውጭ፣ መንገዱ ላይ አወጣው። የጭነት መኪና ጡሩንባውን እያስጮኸ ሲመጣ ኮቱን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩት። መኪናው ካለፈ በኋላ፣ «ባለጌ ሹፌር! ከየት መጣ?» አለ። መንገዱ እኮ እስከ ድልድዩ ድረስ ቀጥ ያለ ነው፤ እኔ መኪናውን ከሩቅ አይቼዋለሁ።

አሁን የቀረው የፊት ፍሬን ገመድ ብቻ ነው። መካኒኩ «ከሌላ ሞተር ቆርጬ ልሥራልህ» ቢለው፣ «ትክክለኛው ካልመጣ አልነዳውም» ብሎ ምሏል። መሐላውን ታውቀዋለህ።

አባባ «በአስቸኳይ ይላክ ብለሽ ጻፊ» ብሎኛል፤ ይኸው ጽፌያለሁ። አንተ ግን ወንድም ጋሼ፣ ብታገኘውም በአውሮፕላን አትላከው፤ ቀስ ብሎ በመርከብ ይምጣ። አንተ ቀድመኸው ብትመጣ ደግሞ ሁላችንም እናርፋለን።

እማማ ግንባርህን ስማሃለች። ደህና ቆየን።

ታናሽ እህትህ