የገመቹ ፓስዎርድ

ሰኞ፣ የካቲት 14፣ 2003 ዓ.ም.፤ ጠዋት 3፡30

አሁንም አያትምም። አዲሱ ፕሪንተር መብራቱን አብርቶ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። አብሮት የመጣው ሲዲ ለዊንዶውስ ብቻ ነው። የኔ ኮምፒውተር የሚሠራው በሌላ፣ በሊኑክስ ነው። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ እያመጣ ሲያስቸግረን ባለቤቴ ገመቹ ነው የጫነው። የአማርኛ መጻፊያው የዊንዶውስ ነው፤ እሱንም ዋይን በሚሉት ነገር አስነሥቶልኛል። ታዲያ ሲዲውንም በዋይን ከፈትኩት። ተጭኗል አለኝ። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ፣ እንደ ሞኝ። ወረቀት ግን የለም።

ከጭልሞ የመጡ ሽማግሌ ነገ ፍ/ቤት ቀጠሮ አላቸው። ማመልከቻቸውን በፍላሽ ይዤ መንገድ ተሻግሬ፣ እንደኔው ጽሕፈት ቤት ከከፈተችው ባላንጣዬ ዘንድ አሳተምኩ። ገንዘብ አልቀበልም አለችኝ። እሱ ነው ያናደደኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 15፤ 8 ሰዓት

ኦቦ ቶሎሳ መጡ። የወረዳው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ የገመቹ ወዳጅ። ሳቁብኝ። በዋይን ፕሮግራም ይሠራል እንጂ ድራይቨር፣ ማለት የፕሪንተሩ ማስነሻ፣ አይገባም፣ ሊኑክስ የራሱን ይፈልጋል አሉ። ይዘውልኝ መጥተዋል። ጥቁሩን መስኮት ከፍተው ትእዛዝ ጻፉ። ፓስዎርድ ጠየቀ።

አላውቀውም። ሁሌ የሚጽፈው እሱ ነበር። የሱን ስም ሞከርን። የአባቱን። የኔን ስጽፍ ኦቦ ቶሎሳ ፊታቸውን አዞሩልኝ። የኔም አይደለም። ደግሞ ስጽፍ ምንም አይታይም፣ ነጥብ እንኳ። ኪቦርዱ የተበላሸ መሰለኝ። ጠባዩ ነው፣ ባያሳይሽም ይቀበላል አሉ።

ወይ ደውዪለት፣ ወይ ቅዳሜ ያለውን ሁሉ ደምስሼ፣ ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንልሽ ብለው ሄዱ።

መደወል! ከመስከረም ጀምሮ ቃል አልተለዋወጥንም። መምህር ነው፤ ካቺሲ ት/ቤት ልዛወር ብሎ ያመለከተው ራሱ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 17

ሦስት ደንበኛ ገብቶ ወጣ። ይደምሰስ። ከሱ ምን ቀርቶኝ ነው።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር። ሰኔ ላይ ልጃችን ዘጠኝ ቀን ኖራ ሞተች። ድንኳን አልተተከለም፣ ለጨቅላ አይተከልም። አታልቅሺ፣ ጌታ ምትክ ይስጥሽ አሉኝ ሴቶቹ። ምትክ። ስሟን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ሆዴ ውስጥ ሳለች ነው ያወጣንላት። ከቀብር ተመልሶ እጁን ታጠበና ያንን ስም ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትጠሪ አለኝ። እንባ የለም። በሳምንቱ ኮምፒውተሩን አጽድቶ ሊኑክስ ጫነ። ልጁን ቀብሮ ስለ ቫይረስ የሚጨነቅ ሰው። ያን ቀን ጠላሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19፤ 4 ሰዓት

ገበያ ነው፣ መንገዱ ሞልቷል። ኦቦ ቶሎሳ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። ከመደምሰሱ በፊት በስልክ መልእክት ላኩለት። ሰላምታ የለውም። የኮምፒውተሩን ፓስዎርድ ላክልኝ፣ በቃ።

5፡20

መለሰ። እሱም ሰላምታ የለውም። በላቲን ፊደል ሃዊ፣ ከኋላዋ 2002።

ሃዊ። ልጄ።

ክረምቱን ሙሉ ሻይ ይዤለት አጠገቡ ስቆም እየጻፋት ነበር። እኔ ስክሪኑን ነበር የማየው። እጁን አላየሁም።

6 ሰዓት

የኦቦ ቶሎሳን ትእዛዝ በጥቁሩ መስኮት ደግሜ አስነሥቼ ጻፍኳት። አራት ፊደል ለመጻፍ ይህን ያህል ቆየሁ። ምንም አልታየም፣ ግን ተቀበለ። ድራይቨሩ ገባ። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ደንበኛ ፊት ተንሰቀሰቅኩ። ውክልና ልታስጽፍ የመጣች ሴትዮ ደንግጣ ክንዴን ያዘችኝ። "ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ማን ሞተብሽ?"

"ልጄ" አልኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ ምትክ ይስጥሽ አላለችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

9 ሰዓት

ኦቦ ቶሎሳን አይምጡ አልኳቸው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን እቀራለሁ። በጠዋቱ መኪና ጊንጪ፣ ከዚያ ካቺሲ። እዚህ ቤት እንዳትጠሪ ነው ያለኝ። እዚያ፣ እሱ ቤት፣ ጮክ ብዬ እጠራታለሁ። እሱም ይጥራት።