የሳቫሪሙቱ የቫዮሊን ሳጥን

ይድረስ እንደ እናት ላሳደጉኝ ለእትዬ ኩንጃማል፣ ፔናንግ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የባለቤትዎ የጋሽ ናቴሳን ሳል ለቀቃቸው ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያስቸግራቸዋል? ትልቋ ልጅዎ አገባች ወይስ ገና ታማርጣለች? እኛ በሕይወት አለን፤ ጌታ ሙሩጋን ይመስገን። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ያለፈው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የፖስታው ጠርዝ ትንሽ ተከፍቶ ስለነበር ፖስተኛውን ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ይህን የምጽፍልዎት ከማድራስ አይደለም። ናጋፓቲናም ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ የሌላ ሰው የቫዮሊን ሳጥን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ወረቀቱን በላዩ አድርጌ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ከሥሩ ልንገርዎት።

ጋሼ ታንዳፓኒ በዘጠኝ ዓመቱ ከተጓዥ ቲያትረኞች ጋር ከቤት ሲጠፋ ያለቀሱለት እርስዎ ብቻ ነበሩ። አባታችንማ «ይሂድ፣ አንድ አፍ ቀነሰልኝ» ነው ያሉት። ልጁ የሴት ልብስ ለብሶ ሲዘፍን ኖረ፤ ድምፁ ሲጎረንን ሃርሞኒየም እንዲጫወት ሰጡት። በኋላ ያንን ሃርሞኒየም በእርስዎ አሮጌ ሳሪ ጠቅልሎ ማድራስ ገባ፤ ሰባት ዓመትም የሌሎችን ዜማ ሲያጅብ ስሙ የትም ሳይጻፍ ቆየ። ዜማ የደረሰለት የመጀመሪያ ፊልም መንደራችን ድንኳን ሲኒማ ሲታይና ስሙ ሸራው ላይ ሲወጣ፣ ተነስተው «ወንድሜ ነው!» ብለው ስለጮኹ ከኋላ የኦቾሎኒ ልጣጭ የወረወሩብዎትን እስካሁን ይስቅበታል። ዛሬ ሠላሳ አንድ ፊልም ሆኖለታል።

እርስዎ ወደ ፔናንግ ሲሳፈሩ ወደቡ ላይ ጆሮዬን ይዘው «ኩፑ፣ የማድራስ ሰው ከዓይን ላይ ኩል ይሰርቃል፤ ወንድምህን ጠብቅ» አሉኝ። እኔም ጠበቅኩ። አሥራ ስድስት ዓመት በሩ ላይ ወንበር አድርጌ የገባውንም የወጣውንም ሳገላብጥ ኖርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም?

አሁን ከእኔና ከሚስቱ ከአላሜሉ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ልንገርዎት። ጋሼ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አዲስ ዜማ ይጫወታል። በዚያው ሰዓት አበባ ሻጯ ፖናማ ደጃፋችን ላይ ቁጢጥ ብላ ለአላሜሉ የጃስሚን ጉንጉን በክንዷ ትለካለች። በማግስቱ ያንን ዜማ እያንጎራጎረች ከመጣች ዜማው ፊልም ይገባል። ዝም ብላ ከመጣች ጋሼ ወረቀቱን ይቀደዋል። «ፖናማ ያልያዘችውን አገርም አይይዘውም» ይላል። እሷ ራሷ ይህን አታውቅም። ትልቁ የዜማ ሰው በአበባ ሻጭ አፍ ይመዘናል ቢባል መሳቂያ እንሆናለን።

ከፖናማ ያለፈውን ዜማ የሚጽፈው ሳቫሪሙቱ ነበር። በጋሼ ሠርግ ላይ ሩዝ ሦስት ጊዜ እየጨመሩ ያበሉት ያ ቀጭን ክርስቲያን ቫዮሊነኛ ነው። ጋሼ ኖታ አይጽፍም፤ እሱ ያንጎራጉራል፣ ሳቫሪሙቱ በደብተሩ ይጽፋል፣ ደብተሩም ማታ ከሰውዬው ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያ ደብተር ከመጀመሪያው ቀን አላማረኝም። የቫዮሊን ሳጥኑም አላማረኝም። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ ላነሳለት እጄን ብዘረጋ «ኩፑ፣ ልጄን እቀፍልኝ፤ ይህን ግን አትንካ» አለኝ። ምን ቢደብቅ ነው አልኩ።

ባለፈው የዲፓቫሊ በዓል ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ የሚኖረው የራጃማኒካም ፊልም ወጣ። እሱም እንደ ጋሼ ዜማ ደራሲ ነው። እትዬ፣ ሁለተኛው ዘፈን የእኛ ነበር፤ ገና ስቱዲዮ ያልገባው፣ ጋሼ በአርባ ቀን የጨረሰው! ጋሼ ጫማውን ሲኒማ ቤት ረስቶ በባዶ እግሩ ወጣ።

ከባልና ሚስቱ ሌላ ዜማውን የምናውቀው አራት ነበርን፤ ከበሮ መቺያችን፣ ዋሽንት ነፊያችን፣ ሳቫሪሙቱና እኔ። እኔ ወዲያው ሳቫሪሙቱን ጠረጠርኩ። አዲስ ብስክሌት ገዝቷል። ከራጃማኒካም ከበሮ መቺ ጋር ኢድሊ ሲበላ አይቼዋለሁ፤ ያውም ከአንድ ሳህን! ለጋሼ ብነግረው «ሳቫሪ ቢሰርቅ ኖሮ የተሻለውን መርጦ ይሰርቅ ነበር» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አለቀቅኩትም። ጠዋት ማታ ስነዘንዘው በመጨረሻ «የፈለግከውን አድርግ» አለኝ።

ነጭ የካፉር ዕጣን ለኩሼ በሰሃን አቀረብኩ። የኛን ወግ ያውቁታል፤ ንጹሕ የሆነ እሳቱን በመዳፉ አጥፍቶ ይምላል። ተጫዋቾቹ ሁሉ ከበውን ቆሙ። ከበሮ መቺው አጠፋ፣ ዋሽንት ነፊው አጠፋ፣ እኔም አጠፋሁ። ሳቫሪሙቱ እጁን ኪሱ ከተተ።

«እሳት ፈርቼ አይደለም ኩፑ። ጌታዬ ከቶ አትማሉ ብሎኛል፤ ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን። አልሰረቅኩም። ይኸው ነው» አለ።

«አቤት፣ የሌባ ስብከት!» አልኩት።

ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ወለል ወለሉን አየ። ሳቫሪሙቱ ደብተሩን ሃርሞኒየሙ ላይ አኖረና ሳጥኑን አንስቶ ወጣ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ሳቫሪሙቱ ለራጃማኒካም እንደሚሠራ በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከፖንጋል በዓል በኋላ ከራጃማኒካም ቤት ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ጀርባ ስድስት ጠዋት ተደብቄ ቆምኩ። ሳቫሪሙቱ አልመጣም። በሰባተኛው ቀን ግን ፖናማ ቅርጫቷን ተሸክማ መጣች። በራጃማኒካም ደጃፍ ቁጢጥ ብላ ጃስሚኗን በክንዷ እየለካች፣ ጋሼ በዋዜማው የተጫወተውን ዜማ ታንጎራጉር ጀመር። ራጃማኒካም በካናቴራ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ሃርሞኒየሙ ጉልበቱ ሥር ነው።

«አንቺ ፖናማ፣ እስቲ ያቺን ድገሚያት! ከየት ነው የምትለቃቅሚው?»

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ፤ አበባ ስለካ አፌ ላይ ይመጣል።»

እትዬ፣ አሥራ ስድስት ዓመት በሩን ስጠብቅ ዜማው በየቀኑ በዓይኔ ሥር ሲወጣ ኖሯል። ያን ጊዜ ሄጄ ለጋሼ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም፤ አፈርኩ። ፖናማን መንገድ ላይ አስቁሜ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰፈር ድምፅሽን እንዳልሰማ!» አልኳት።

«የምትገዙት አበባዬን ነው ወይስ አፌንም?» ብላ ገላመጠችኝ። ግን ዝም አለች።

የሆነውን ይስሙ። ጋሼ አዲስ ዜማ ይጫወታል፤ ፖናማ በማግስቱ አፏን ገጥማ ትመጣለች፤ እሱ ይቀደዋል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ ዜማ ተቀደደ። አሥራ አንደኛውን ስሰማ እኔ በሩ ላይ እንባዬ መጥቶ ነበር፤ እሱንም ቀደደው። ከዚያ ሃርሞኒየሙን ያኔ በመጣበት በእርስዎ ሳሪ ጠቀለለና «ኩፑ፣ የመንደራችንን ትኬት ቁረጥልኝ። አምላኬ ሳራስዋቲ ዜማዋን ነሥታኛለች። ለፊልሙ ባለቤትም ሌላ ሰው ይፈልግ በለው» አለኝ። አላሜሉ ምግብ መሥራት አቁማ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች።

ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ። ጋሼ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አሥራ ስድስት ዓመት በር ላይ ተቀመጥክ። ስንት ሌባ ያዝክ?» አለኝ።

«አንድም።»

«እንግዲያው ሂድና ያባረርከውን ሰው አምጣ። እኔም ወለል ወለሉን ያየሁበትን አልረሳሁም፤ ይህንንም ንገረው። እሱ ካልመጣ ይህን ጨርቅ አልፈታም።»

እዚህ፣ ሳቫሪሙቱ ወደተመለሰበት የእናቱ ከተማ፣ ከመጣሁ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሁለቱን ቀን በሳቫሪሙቱ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንም ግባ አላለኝም። እናቱ አሬራ አወጡልኝ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ሆን ብለው ይመስለኛል፣ ጠጣሁት። ከውስጥ ቫዮሊኑ ይሰማል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሰማል። በር ላይ ያስቀመጥኳቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ።

ዛሬ ጠዋት ወጣ። «ካፉርህን ይዘህ መጣህ?» አለኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ። የጋሼን መልእክት ነገርኩት። ገባና ሳጥኑን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። «ይህን ይዘህ ጣቢያ ጠብቀኝ። እናቴን ልሰናበት» አለኝ።

ለማንም የማያስነካውን ሳጥን፣ እትዬ! ለእኔ!

ግን ይኸው ሁለት ሰዓት አለፈ፤ አልመጣም። ባቡሩ ሊደርስ ነው። ሳጥኑ ደግሞ ቀለለኝ። ቫዮሊን ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ? አንስቼ ስለማላውቅ አላውቅም። ባዶውን ሰጥቶኝ፣ ማድራስ ስደርስ ሁሉም ፊት ከፍቼ እንድዋረድ ቢሆንስ? ይገባኛልም። እጄ ሦስት ጊዜ መቆለፊያው ላይ ሄደ። ብከፍተው ግን ያን ካፉር ሁለተኛ ጊዜ ለኮስኩበት ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ክዳኑ ላይ ዘርግቼ ለእርስዎ መጻፍ ጀመርኩ፤ እጄን ሥራ ለማስያዝ። አልከፈትኩትም።

ለጋሽ ናቴሳን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ትልቋን፣ መንታዎቹን፣ አማትዎንም እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠሩ ይሳሙልኝ። አላሜሉ እግርዎን ትስማለች። ጋሼ ይህን ደብዳቤ መጻፌን ስለማያውቅ የእሱን ሰላምታ ከራሴ አልፈጥርም።

ታናሽ ወንድምዎ
ኩፑሳሚ

እትዬ ኩንጃማል፣ ብዕሩን ከኩፑ ቀምቼ ነው የምጽፍልዎት፤ ባቡሩን አብረን እየጠበቅን ነው። ሰላም ነኝ፤ የሠርጉን ሩዝ አልረሳሁም። ሳጥኑን አልከፈተውም። ከትኬት መስኮቱ ጀርባ ቆሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳየው ነበር። ሳቫሪሙቱ።

ናጋፓቲናም ባቡር ጣቢያ
ማርች 9 ቀን 1962