ስፌቱ ሳይደርቅ

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 1960

ቀኝ እጄ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሞጣን መስመር ልሰካ ስንጠራራ፣ ከብብቴ እስከ ጡቴ ሥር የወረደው ስፌት ቀጥ አድርጎ ያዘኝ። ሞጣ ከስልክ ማገናኛ ሰሌዳው የላይኛው ረድፍ ላይ ነው። ማን እዚያ ላይ እንዳደረገው እንጃ! በግራዬ ሰካሁት።

የሞጣው ስልከኛ ይርሳው ድምፄን ሲሰማ፣ "ወይንሸት! ሞተች ብለውን ነበር እኮ" አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እናወራለን፤ ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም።

ሃያ ስድስት ቀን ከቢቸና ጠፍቼ ነበር። ከአዲስ አበባ የገባሁት ትናንት ነው። ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር ጡቴን በሁለት እጄ እደግፍ ነበር።

ለማንም ስለማልናገረው እዚህ በትክክል ልጻፈው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀኝ ጡቴ ውስጥ እጢ ተገኘና ሥጋውን አወጡት። ፈረንጁ ሐኪም በቦታው ወፍራም ፈሳሽ የሞላበት የላስቲክ ከረጢት ከተተልኝ። አዲስ ነገር ነው አለኝ። እውነትም ከላይ ለብሼ ስታይ ማንም አይለየኝም ነበር። የካቲት ላይ የወረዳው ነጭ ለባሽ ታጣቂዎች አለቃ ግራዝማች ቢተው በጠመንጃ ሰደፍ ደረቴን መታኝ። ጥፋቴ የማርቆስ መስመር እምቢ ማለቱ ነው። ላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ፈረጠ። ደነደነ፣ ቀላ፣ ከዚያ ይመግል ጀመር። አሁን አሮጌውን አውጥተው፣ ዙሪያውን ፍቀው፣ ሌላ ከተቱልኝ።

አለቃዬ አቶ ገበየሁ ያን ቀን እዚያው ነበሩ። መዝገብ ያገላብጡ ነበር።

የሐኪሙ ትእዛዝ፦ ከባድ ነገር አታንሺ። በቀኝ ጎንሽ አትተኚ። ስድስት ሳምንት ዕረፊ። ወተትና እንቁላል አዘውትሪ። የሰኔ ጾም ዛሬ ገባ። ዕረፍቱም ቢሆን ከዚህ በላይ ከቆየሁ ቦታዬ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተጽፎልኛል።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራሁ። አልወደቅሁም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

አራት ሬሳ በቃሬዛ በስልክ ቤቱ በር አለፈ።

ግብር ገማቾቹ ትናንት ወደ ቆላው ወርደው ነበር፤ የግራዝማች ቢተው ነጭ ለባሾች አጅበዋቸው። ገበሬው መሬቴ አይገመትም ብሎ ገጠማቸው። ከአራቱ ሦስቱ ገበሬዎች ናቸው፣ አንዱ የግራዝማች የእህት ልጅ። የአንደኛው ገበሬ ግማሽ ፊት የለም። ጋቢ ጣል አድርገውበት ነበር፤ ነፋሱ ገለጠው። ያየሁትን ዐይኔን ጨፍኜም አየዋለሁ።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ግራዝማች ገባ። (እዚህ ላይ አንቱ አልለውም።) እጁ ላይ ደም ደርቋል። ወፍራሙን መዝገብ አንስቼ ደረቴ ላይ አቀፍሁት።

"አንቺ፣ አልሞትሽም እንዴ?" አለና ሳቀ። "ሞጣን ስጪኝ። አማቼን።"

እንደመታኝ ጨርሶ አያስታውስም። ይህ ከሰደፉ ይልቅ አመመኝ።

የሞጣ መስመር ደካማ ስለሆነ እንዳይቋረጥ ማዳመጥ ግዴታዬ ነው። እንዲህ አለ፦ "ትናንት ማታውኑ ሽማግሌ ልኬ ገበሬዎቹ ለዕርቅ እሺ ብለዋል። ቅዳሜ ገበያው ውስጥ ሾላው ሥር ይመጣሉ። መሣሪያ አይዙም። ሲቀመጡ እጨርሳቸዋለሁ። እስከ ዓርብ ሰው አዘጋጅ፤ ደውዬ ስነግርህ ታስነሳለህ።"

አማቹ፣ "ሽማግሌ አስቀምጠህ?" አለው።

"የእህቴን ልጅ ሲገድሉ ሽማግሌ ነበረ?"

ገመዱን ነቀልሁ። ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ከሰሌዳው ኋላ ያሉትን ባትሪዎች ሳይ፣ ውስጣቸው ያለውን አሲድ ፊቱ ላይ ብደፋው እያልኩ አሰብኩ። ዐይኑ፣ አፍንጫው፣ ያ ሳቁ እንዴት እንደሚሆን አንድ በአንድ አሰብኩት። አላፈርኩም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ጠዋት ከጉብታው ላይ ወደ ከተማው ተኮሱ። ዕርቁን እሺ ያላሉ ወጣት ገበሬዎች ናቸው አሉ፣ ለሞቱት ሦስቱ። የመስኮታችን መስታወት ረገፈ። ጠረጴዛው ሥር ዘልዬ ስገባ በቀኝ ጎኔ ወደቅሁ። የሆነ ነገር ተተረተረ። አቶ ገበየሁ አጠገቤ ተኝተው "አቤቱ አቤቱ" ይላሉ፤ እኔ ቀሚሴ ላይ የሚሰፋውን ደም አያለሁ። ተኩሱ ያንድ ሰዓት ያህል ቆየ። አንዲት አህያ ብቻ ሞተች።

ቤት ስደርስ አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ውሃ በጨው አፍልተው አጠቡኝ። ከስፌቱ ሁለት ቦታ ላልቷል፤ አልተከፈተም። ከዚህ በፊት አሳይቻቸው አላውቅም።

"ይህ ምንድን ነው ልጄ? እንደ ውሃ ኮዳ ይንቀጠቀጣል።"

"ላስቲክ ነው እትዬ። ፈረንጅ የሠራው።"

ጎንበስ ብለው አዩት። የሚያማትቡ መስሎኝ ነበር። "የኔን ስምንት ልጅ ጎትቶት እንዲህ አልቆመም" አሉ። ሳቅሁ፣ ስስቅ አመመኝ፣ አልቅሼ ጨረስኩት።

ሲያስሩልኝ፣ "ቅዳሜ ሊያበቃ ነው፣ እግዜር ይመስገን" አሉኝ። "ወንድሜ ስመኝ ከገበሬዎቹ ወገን ለዕርቁ ከተመረጡት አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። እዚህ ያድራል።"

እጃቸው ደረቴ ላይ ነበር። ልቤ ሲመታ ሰምተው ይሆናል። ቀሚሴን ቆልፌ ተነሣሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ስቀጠር የፈረምኩት፦ በመስመር ያለፈውን ቃል ለማንም አልናገርም። ብናገር እባረራለሁ፣ እታሰራለሁ። ግራዝማች ቢሰማ ግን እስር ቤት አልደርስም።

ጠዋት የንስሐ አባቴን ስለ ወተቱ ልጠይቅ ሄድኩ። ለሕሙማን ጾም የለም አሉ። ከዚያ፣ "አባቴ፣ በአደራ የተሰማ ነገር ሰው የሚያስገድል ከሆነ ይነገራል?" አልኳቸው። "የሰሙት ሁሉ አይነገርም ልጄ፤ ያልተነገረ ሁሉም አይቀበርም።" ሠላሳ ዓመት ቅኔ ቤት ስለኖሩ ቀጥ ያለ ነገር አይወጣቸውም። ተበሳጭቼ ወጣሁ።

ይርሳውን ጠየቅሁት። "ማክሰኞ ሰምተሃል?"

"በመስመር ላይ እንዲህ አይወራም።"

"ሰምተሃል ወይ ነው የምልህ።"

"እዚህ ሠላሳ የሚሆን ሰው ስንቅ እያሰናዳ ነው።" ትንፋሹን እሰማለሁ። "እኔ አምስት ልጆች አሉኝ ወይንሸት።" ዘጋው።

ለምሳ ስገባ እትዬ ጥሩወርቅ ለወንድማቸው መኝታ ያራግፉ ነበር። ቆሜ አየኋቸው። "ስመኝ ቅዳሜ አይምጣ" አልኩ። "ማንም አይምጣ። ሾላው ሥር ሊገድሏቸው ነው።"

ከየት ሰማሽ አላሉኝም። አላለቀሱም። መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ዘንጋቸውን ይዘው በዝናብ ወደ ቆላው ወረዱ። መንገዱ ለወጣት እንኳ የአራት ሰዓት ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ዛሬ ጨርሶ አይነሳም።

የሞጣ መስመር ከጠዋት ጀምሮ ሞቷል። ቀጥሎ የማርቆሱም ሞተ። ገበሬው ምሰሶ ቆርጧል አሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ግራዝማች ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አማቹን ፈለገ። እጀታውን አዙሬ፣ አዙሬ አሳየሁት። ድምፅ የለም።

"ማን ነው የቆረጠው?"

"አላውቅም ግራዝማች።"

"አንቺ ነሽ የምትዘጊው። ካንቺ ሌላ ማን አለ?"

ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ አወቅሁት፤ የካቲትም እንዲሁ ነው ያወረደው። ጀርባዬን ሰጠሁት። ሰደፉ ትከሻዬ አጥንት ላይ አረፈ። ከሰሌዳው ጋር ተላተምሁ። ሁለተኛውን ስጠብቅ የአቶ ገበየሁን ድምፅ ሰማሁ።

"ግራዝማች! የታመመች ሴት ናት! የመንግሥት ሠራተኛ ናት!"

ዞር ስል መሀላችን ቆመዋል፣ እንደ ሕፃን እጃቸውን ዘርግተው። ሁለተኛው አፋቸው ላይ ሆነ። ወድቀውም እግሩን ይዘው አልለቅ አሉ። በጫማው ረገጣቸው። ከሰዎቹ አንዱ፣ "ይብቃዎ ጌታዬ፣ የሞጣ መንገድ ሩቅ ነው፤ ፈረሰኛ እንላክ" ብሎ አወጣው።

የዛሬ ጉዳት፦ ትከሻዬ። የአቶ ገበየሁ ሁለት ጥርስ። ማዳመጫው።

ጡቴ ደህና ነው። አቶ ገበየሁ ወለሉ ላይ ደም እየተፉ እኔ መጀመሪያ የዳበስኩት ጡቴን ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ አልተመለሱም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

መስመር ባይኖርም ቢሮ ገባሁ። ቤት ብቻዬን መቀመጥ አልቻልኩም። ከተሰበረው መስኮት ገበያው ይታያል። ሾላው ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል።

አራት ሰዓት ላይ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አሥራ ሁለት ሳይሆን ሁለት። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ በእጃቸው ዘንግ ብቻ። ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ደነገጥሁ፦ እነዚህስ ለምን መጡ? አልሰሙም?

ከሞጣ የደረሰ ሰው የለም። ግራዝማች ግን አልጠበቀም። ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ተተኮሰ። አንደኛው እንደተቀመጠ ወደ ጎን ዘመመ። ሌላኛው ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ሄደ። ገበያው ጮኸ፤ ሰው በሰው ላይ ሄደ፣ ጨዉ፣ በርበሬው፣ ማሰሮው ተረገጠ። ያን ጊዜ ከባሕር ዛፉ ውስጥ መልስ መጣ። ገበሬዎቹ ለዕርቅ አልመጡም እንጂ መጥተዋል። ጠመንጃ ይዘው አድፍጠው ነበር።

ከነጭ ለባሾቹ አምስት ሲወድቁ ቆጠርኩ። አንዲት ድንች ሻጭም ሞተች፤ የማን ጥይት እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ባልናገር አሥራ ሁለቱ ያልቁ ነበር። እኔ ስለተናገርኩ ይህ ሆነ። ሁለቱንም ጻፍኩ፤ ልደምራቸው አልችልም።

ግራዝማችን እኛ ቢሮ አስገቡት፤ የቅርቡ የድንጋይ ቤት የእኛ ስለሆነ። ሆዱን ተመቷል። ወለሉ ላይ አስተኝተውት ሰዎቹ መኪና ፍለጋ ሮጡ። አቶ ገበየሁ ቤታቸው ታመው ተኝተዋል። ብቻችንን ቀረን።

"ውኃ" አለኝ።

አዲስ አበባ ከተኛሁበት ክፍል ቀጥሎ ሆዱን የተወጋ ሰው ነበር። ውኃ ውኃ ሲል ነርሷ፣ "ሆዱ የተበሳ ሰው ውኃ ከጠጣ ይሞታል" ስትል ሰምቻለሁ። ማለቷን አልረሳሁም። ልክ በዚያች ደቂቃ አስታውሼዋለሁ።

"ውኃ፣ እናቴ" አለኝ ደግሞ።

ኩባያውን ሞልቼ ሰጠሁት። ራሱን በግራ እጄ ደግፌ እስኪጨርስ ያዝኩለት። "እግዜር ይስጥሽ" አለኝ።

ስለጠማው ይሆናል የሰጠሁት።

እሑድ፣ ሰኔ 9

እትዬ ጥሩወርቅ ጎሕ ሲቀድ ገቡ። እግራቸው ቆስሏል። ስመኝ በሕይወት አለ። ለአሥራ ሁለቱም ተነግሯል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን፣ "ቃል ሰጥተናል። በዕርቅ ምንጣፍ ላይ የሚተኩስ ሰው በዚህ አገር አልተወለደም" ብለው አሻፈረን አሉ። የእኔን ስም እትዬ ለማንም አልነገሩም።

ከሰዓት በኋላ ቀብር ነበር። የሁለቱ ሽማግሌዎች ሚስቶች ነጠላቸውን አሸርጠው ደረታቸውን ይመታሉ። አንደኛዋ ቀሚሷ እስኪቀደድ፣ ቆዳዋ እስኪላጥ ትመታለች። ሴቱ ሁሉ ይመታል። እኔ መሀላቸው እጄን አንጠልጥዬ ቆምኩ። ማልቀስ አልቻልኩም። ከኋላዬ አንዷ፣ "ይቺ ሸዌ ልቧ ድንጋይ ነው" ስትል ሰማሁ፤ ከሸዋ ተመድቤ መምጣቴን አልረሱትም።

እትዬ ጥሩወርቅ ዞሩ። ሰው እየሰማ፣ "ዝም በይ! ደረቷ ተቀዶ የተሰፋ ቁስለኛ ናት። የእሷንም እኔ እመታላታለሁ" አሉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው የራሳቸውን ደረት መቱ፣ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለኔ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

ማታ አጠቡኝ። ስፌቱ ደርቋል። መግል የለም፣ ትኩሳትም የለኝም።

የጸጥታ ሰዎች ከማርቆስ መጥተው ወሬው ለገበሬዎቹ ከየት እንደደረሰ ይጠይቃሉ። አቶ ገበየሁን ቤታቸው ድረስ ሄደው ጠየቋቸው። በዚያ ባበጠ አፋቸው፣ "የሞጣ መስመር ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነክቶት ይንጫጫ ነበር፤ ማንም ማንንም አልሰማም" ብለው ፈረሙ። ይህን የነገረችኝ ሚስታቸው ናት።

ግራዝማችን በጭነት መኪና ወስደውታል። ደጀን ሳይደርስ ሞተ የሚል አለ። ማርቆስ ገብቶ ሆዱን ተሰፋ፣ ተናገረም የሚል አለ።

ምሰሶዎቹን ዛሬ አቁመዋል፤ ማዳመጫውንም ጠግነዋል። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ መስመሩ ይከፈታል። ማርቆስ ሲደውል መሞቱን ወይም መትረፉን ከቢቸና ሰው ሁሉ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። የትኛውን መስማት እንደምፈልግ እዚህም አልጽፈውም።