ጽጌ ዲስኩ ላይ የምትቆምበት ቦታ

ማክሰኞ

ዲስክ የሚጽፍ ሰው ጠፋ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ እየጠየቅሁ ወጣሁ። አንዱ ቤት ሞባይል መሸጫ ሆኗል፣ ሌላው ፈርሷል። አንዷ ሻጭ "ዲቪዲ? አባባ፣ እሱ እኮ ከነዘመኑ ተቀበረ" ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ።

በመጨረሻ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ሙኒርን አገኘሁት። የድሮ የሰርግ ቪዲዮ ሠሪ ነው። "ጋሼ፣ እኔና ይሄ ማሽን አብረን ጡረታ ልንወጣ ስንል መጡብን" አለኝ።

ነገሩን ነገርኩት። እሑድ የባለቤቴ የጽጌ ሙት ዓመት ነው። እናቷ እማማ በላይነሽ ከዚህ ከፒያሳ ተነስተው ከከተማው ዳር ከገቡ ወዲህ ከቤት አይወጡም። ዓይናቸው ደክሟል፣ ስልክ ላይ ያለ ነገር አይታያቸውም። ያላቸው ጽጌ የገዛችላቸው ማጫወቻ ነው፤ እሱም ከዲስክ ሌላ አይቀበልም። ጽጌ ደግሞ ስልኬ ውስጥ ናት። የገብርኤል ማኅበር ተራችን ደርሶ ሴቶቹ ቤታችን ተሰብስበው፣ ስለ እናቷ ስታወራ የእህቷ ልጅ ቀርጻታለች። እማማ የልጃቸውን ድምፅ ከሞተች ወዲህ አልሰሙም። እሑድ ይዤላቸው እመጣለሁ ብያለሁ።

ስልኩ ላይ ያለውን ሌላውንም ሁሉ፣ ክርስትናውን፣ ፋሲካውን፣ የሰው ሰርጉን፣ አንዱ ዲስክ ላይ ጨምርልኝ አልኩት።

"ቪዲዮውን አይተውታል ጋሼ? ደህና ነው?"

አዎ አልኩ። አላየሁትም። ፊቷ ብቅ ሲል እጄ በራሱ ይዘጋዋል።

ረቡዕ

በጾም ቀን ተቆጣሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሙኒር ዲስኩን ከፈተልኝ። ሻማ ይነዳል፣ መስቀል ይዞራል፣ በገና ይደረደራል። ጽጌ ከሥር አፏ ይንቀሳቀሳል። ድምጿ የለም።

"ድምጿስ?" ጮህኩ።

"ለሙት ዓመት ሁሉም እንዲህ ነው የሚያሠራው። ወላሂ፣ በገናውን ስመርጥ ተጨንቄ ጎረቤቴን ዲያቆኑን ጠይቄ ነው።"

ሰውዬው ለእኔ ሲል ዲያቆን ፍለጋ ሄዷል። አፈርኩ። "በገናውን ቤተ ክርስቲያን እሰማዋለሁ፤ እኔ እሷን ነው የምፈልገው" አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አፉ በሉኝ" አለ።

ሐሙስ

ሻማው ጠፍቷል። ድምጿ መጣ። ወንበሩን ያዝኩ።

ግን ምን ያደርጋል፣ ይቆራረጣል። ምስሉ ይዘላል፣ ከንፈሯ ከድምጿ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ፊቷ ደብዝዟል።

"ዲስክ እንደ አገልግል ነው ጋሼ" አለ ሙኒር። "ከልኩ በላይ ከጠቀጠቁበት ክዳኑ አይገጥምም። ያን ሁሉ ሰርግ ሲያስጨምሩኝ እሷን ጨፈለቅናት። ስልክ ደግሞ ሲቀርጽ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል፤ ዲቪዲ እኩል እርምጃ ይፈልጋል። እርምጃውን አስተካክዬ፣ እሷን ብቻ፣ በዝግታ እጽፋታለሁ። እኔም ቸኩዬ ነበር።"

እሷን ብቻ። ከመጀመሪያውም እንዲያ ማለት ነበረብኝ።

ዓርብ

ጊዮርጊስን ተሳልሜ ሄድኩ። አዲሱ ዲስክ እንደ ውሃ ይወርዳል። የነጠላዋ ጥለት እንኳ ይቆጠራል። ጽጌ ታወራለች፦ ልጅ ሆና እየወጣች ፒያሳ ስትጠፋባቸው፣ እናቷ ከስፌት መኪናቸው እግር ጋር በነጠላ ያስሯት ነበር። "አንድ ቀን ታዲያ..." አለች። ቀጥ አለ። ከዚያ ቀጠለች፦ "መኪናውን እየጎተትኩ በር ላይ ደረስኩ!"

"ኧረ አሁንም ይቆማል" አልኩት።

ሌላ ዲስክ ጻፈ። እዚያው ቦታ። ማጫወቻውን ለወጠ። እዚያው። "እስቲ ዋናውን እንየው" ብሎ ስልኬን ተቀብሎ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘው።

አብረን አየን። ምስሉ አልቆመም። ከኋላዋ መጋረጃው ይወዛወዛል፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። የቆመችው ጽጌ ናት። እጇ ግድግዳውን ይዟል። አፏ አየር ይፈልጋል።

ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። እኔም ስቄያለሁ። ወሬ ታሳምር ስለነበር ሰውን የምታጓጓ መስሎኝ! ልቧ መድከሙን ሐኪሙ የነገረን ከዚያ ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው። ቀድማ ታውቀው ኖሯል? ለማን ነገረች?

ሙኒር ቴሌቪዥኑን አጠፋ። "ጋሼ፣ እቺን ታህል ቆርጬ ልቀጥለው እችላለሁ። አይታወቅም። እናት ናቸው፣ ባያዩትስ?" አለኝ።

ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ወጣሁ። ምኒልክ አደባባይ ድረስ በየት እንደሄድኩ አላውቅም።

ቅዳሜ

ቅዳሴ ቆሜ ልቤ እዚያች ቦታ ላይ ነበር። ቢቆረጥ እማማ አያዝኑም። ጽጌም ሳትደክም ታወራለች። ግን እኮ እስትንፋሷ ነው። ፈጣሪ ቆጥሮ የሰጣትን እኔ ማን ሆኜ ነው የማሳጥረው?

"አትንካው" አልኩት ሙኒርን።

"ቁረጠው እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር" አለ። ሁለት ዲስክ ሰጠኝ። "አንዱ የእርስዎ ነው። አላህ ይማራት።"

እሑድ

ፍትሐቱ በደህና አለቀ። ከሰዓት በኋላ እማማ ዘንድ ደረስኩ። በርጩማቸውን ስበው ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጡ። ዲስኩ አልተቆራረጠም፣ አልደበዘዘም።

የስፌት መኪናው ወሬ ሲመጣ እማማ፣ "ውሸታም! በመቀነት እንጂ በነጠላ መቼ አሰርኩሽ!" ብለው ሳቁ። እኔ ወለሉን አየሁ። ያቺ ቦታ ደረሰች።

"አንድ ቀን ታዲያ..."

ዝም።

እማማ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብለው፣ "ቀስ በይ እናቴ፣ ማን አባረረሽ?" አሏት።

ጽጌ ተነፈሰች። ቀጠለች።

ሲያልቅ እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ድገምልኝ ልጄ" አሉኝ። ደገምኩላቸው።

በዚህኛው ቀና ብዬ አየኋት።